የተካፈልነው ቅባት

ሥራዬ የሰው ገላ ማጠብ ነው። ሆላንድ አገር፣ ዙይድ በሚሉት በሮተርዳም ደቡብ ሰፈር በብስክሌት ከቤት ቤት እየዞርኩ፣ ልጆቻቸው በዓመት ሁለቴ ብቅ የሚሉባቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያላየሁት የሰው አካል የለም፤ አፍሬም አላውቅም። የራሴ ገላ ላይ ኪንታሮት የወጣ ጊዜ ግን ሦስት ወር ሙሉ መብራት አጥፍቼ ነው ልብሴን የቀየርኩት።

ጣቴ ወይም አንገቴ ላይ ቢሆን ወሬም አይወጣው ነበር። የወጣው እናቶቻችን ስሙን እንኳ ሳይነግሩን ያሳደጉን ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ምስር የምታህል አንዲት ነበረች። ከዚያ ስድስት ሆኑ፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። የማን ስጦታ እንደሆነ ለመገመት አልተቸገርኩም። አራት ዓመት አብሮኝ የኖረው ሰውዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሻንጣ ይዞ፣ "ራሴን ማግኘት እፈልጋለሁ" ብሎኝ ወጥቷል። ራሱን ያገኘው ዩትሬክት፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ ቤት ውስጥ ነው። ለኔ የተረፈኝ ይህ ነው እያልኩ ጠዋትና ማታ ረገምኩት።

እዚህ አገር ዝም ብሎ ሆስፒታል አይኬድም። መጀመሪያ የሰፈር ሐኪም አለ፣ ሃውስአርትስ የሚሉት፤ ከሱም በፊት ስልክ የምታነሳ ረዳት አለች፣ "ምንሽን አመመሽ?" ብላ የምትመረምር። እኛ አበሾች ስለ ሃውስአርትስ የምንቀልደው አያልቅም፤ እጅህ ቢቆረጥ አንድ ፓራሲታሞል፣ ብትሞት ሁለት ፓራሲታሞል ይሰጥሃል እንላለን። ስለዚህ ሁላችንም ቤት አንድ መሳቢያ አለ። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ አሞክሳሲሊን፣ ጎረቤት ያተረፈችው የሳል ሽሮፕ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የዓይን ጠብታ እዚያ ይቀመጣል። አንዱ ሲታመም ለሌላው ይደውላል፤ ክኒን በሶፍት ተጠቅልሎ በሜትሮ ይላካል። ይህን ስናደርግ ጽድቅ የሠራን እንጂ ያጠፋን አይመስለንም። ያለውን የማያካፍል ምኑን ሰው ነው?

የኔ ሃውስአርትስ ሁለት ጊዜ በቅዝቃዜ አቃጠለችልኝ፤ ሁለቴም ተመልሰው በቀሉ። "መንስኤው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንዴ ያገኘዋል" አለችኝ፣ ጉንፋን ያህል አቅልላ። ከዚያ አምስተርዳም ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ኪንታሮት አንድ ቅባት እየተሞከረ መሆኑን ነገረችኝ። ሮተርዳም አለመሆኑ ብቻ እሺ ለማለት በቂዬ ነበር። ሮተርዳም ውስጥ ከክሊኒክ በር ስወጣ ቢያንስ ሦስት አበሻ "ምነው፣ ደህና ነሽ?" ሳይለኝ አልገባም።

ክሊኒኩ ስሎተርቫርት የሚባል ሰፈር፣ ከአራት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ጀርባ ነበር። የጥናቱ ነርስ ረጅም፣ ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላበት ልጅ ናት። አስተኝታኝ እያንዳንዱን በትንሽ ማስመሪያ ለካች፣ ፎቶ አነሳች፣ ጻፈች። እኔ ጣሪያውን እያየሁ የማጥባቸውን አሮጊቶች አሰብኩ። ለካ እነሱም ጣሪያ የሚያዩት ለዚህ ነው።

ልብሴን ከለበስኩ በኋላ ወረቀቱን አንድ በአንድ አስረዳችኝ። "ግማሾቻችሁ መድኃኒት ያለበትን ቅባት ታገኛላችሁ፤ ግማሾቻችሁ ምንም የሌለበትን። የትኛው እንደደረሰሽ አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም።"

"ለምን?"

"መድኃኒት አገኘሁ ብሎ በማመኑ ብቻ የሚሻለው ሰው አለ። ኪንታሮቱም አንዳንዴ በራሱ ይጠፋል። ካልደበቅነው የትኛው እንዳዳነ አናውቅም።"

ስለ ሰውዬውም ጠየቅኳት። ቫይረሱ ገላ ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ሊቆይ እንደሚችል፣ ከማን እንደመጣ ማንም ሊነግረኝ እንደማይችል አስረዳችኝ። ይህ አናደደኝ። ያለኝን አንድ የምረግመው ሰው ልትቀማኝ ነው።

ሕጉ ብዙ አልነበረም። ማርገዝ አይፈቀድም፤ በየአራት ሳምንቱ ስመጣ የሽንት ምርመራ አለ። ቅባቱን ከኔ በቀር ማንም እንዳይነካው። ቅባቱ የታሸገባቸውን ትንንሽ ከረጢቶች ሁሉ ባዷቸውን ይዤ እንድመለስ። አንዳች ነገር ካጋጠመኝ በማንኛውም ሰዓት የምደውልበት ቁጥር ያለው ካርድ ሰጠችኝ። አሥራ ስድስቱን ሳምንት ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ፣ የደረሰኝ ባዶው ሆኖ ከተገኘ እውነተኛው መድኃኒት ይሰጠኛል። እኔን የያዘኝ ይኸኛው ነው። ፈረምኩ።

ጓደኛዬ የደሴ ልጅ ናት፣ በሰባት ዓመት ታንሰኛለች። ስደተኛ ካምፕ አንድ ክፍል መድበውን ነው የተዋወቅነው። እህትዓለም ትለኛለች። ከሥጋ በቀር ያልተካፈልነው ነገር የለም፤ እሷ የእስላም ሥጋ፣ እኔ የክርስቲያን፣ ድስታችን ሁለት ሽሯችን አንድ ነበር። መኖሪያ ፈቃድ ካገኘን በኋላም ሁለት የሜትሮ ጣቢያ ተራርቀን ዙይድ ውስጥ ቤት ደረሰን። እሷ ሆቴል ታጸዳለች። ባሏ ስድስት ዓመት ተጠብቆ ከአዲስ አበባ መጥቶ ወደቡ ላይ መጋዘን ይሠራል። ልጅ የላቸውም። የባሏ እናት በየጁምዓው ይደውሉና ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ "ምነው፣ እስካሁን ምንም የለም?" ይላሉ።

ቅባቱን በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት እቤቴ መጥታ ለሻይ ወተት ልታወጣ ፍሪጁን ከፈተች። ቁጥር የተጻፈበትን ካርቶን አየች።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የወገብ ቅባት።"

"የወገብ ቅባት ፍሪጅ ውስጥ? እህትዓለም፣ ለኔ ነው የምትዋሺው?"

ነገርኳት። ትሸሸኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ፎጣዬን መለየት፣ ሽንት ቤቴን መፍራት ትጀምራለች ብዬ። እሷ ግን ወንበሩ ላይ ዘፍ አለችና በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ አለቀሰች። እሷም አለባት። አራት ወር ሆኗት ነበር።

"ሃውስአርትስ ሄደሽ ንገሪያቸው" አልኳት።

"ስልክ የምታነሳው አሲስተንት የማን አበሻ ልጅ እንደሆነች አታውቂም? ለእሷ በስልክ ምን ልበላት? በነጋታው እናቷ ጆሮ ነው።"

"አምስተርዳም ነያ።"

"ባሌ ከማን አመጣሽው ቢለኝስ?"

ከማን እንደመጣ አይታወቅም አለች ነርሷ አልኳት። "እሱን ለባሌ አንቺ ታስረጂዋለሽ?" አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን ደብቀንም የምናገኝ መሰለን። መቀስ አመጣሁና አንዷን ከረጢት ቀደድኩ። ግማሹን ለራሴ አስቀርቼ ግማሹን ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ ጨመቅኩላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሦስት ቀኑ እየመጣች ድርሻዋን ትወስዳለች።

ባዶ ሊሆን እንደሚችል አልነገርኳትም። ያን ቀን በክፋት አይደለም፤ ለሰው ሲያካፍሉ "ምናልባት ምንም የለውም" እያሉ የሚያካፍሉ ሰዎች መሀል አላደግሁም። ያኔ የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለማንም እንዳትተነፍስ፤ ካወቁብኝ ከጥናቱ ያስወጡኛል፤ ኋላ የሚሰጡኝም ይቀርብኛል። "ወላሂ አልናገርም" አለችኝ። የሷን ወላሂ አውቀዋለሁ፤ አትበላውም።

ነርሷ በየአራት ሳምንቱ የተጣጠፉ ባዶ ከረጢቶቼን ተቀብላ ትቆጥራለች። አንድም አይጎድልም። "እንዳንቺ ያለ ታማኝ ተሳታፊ የለንም" አለችኝ አንዴ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አመሰገንኳት።

በስምንተኛው ሳምንት የኔ እንደነበረ ነው። የሷ መጥፋት ጀመረ። ሽንት ቤቴ ገብታ አይታ ስትወጣ ፊቷ ይበራል፤ "ሦስት ቀረኝ"፣ ከዚያ "አንዲት ቀረችኝ፣ እሷም ደርቃለች"። በአሥረኛው ሳምንት ጨርሶ ለቀቃት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልዋሽም፣ ቀናሁ። የኔ ስም የተጻፈበት፣ እኔ ጣሪያ እያየሁ ያመጣሁት፣ በግማሽ ድርሻ እሷን አድኖ እኔን ተወኝ። በራሴ ቅባት በለጠችኝ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሰው ራስ ውስጥ ሲገባ በር አያንኳኳም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አፍሪካንደር ገበያ አብረን ነው የምንገዛው። በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ዓሣ ሻጩ ፊት ቆመን ሳለ እጄን ያዘችና ካፖርቷ ውስጥ አስገብታ ሆዷ ላይ አደረገችው። ገና ምንም አይዳሰስም። ፊቷን ሳይ ግን ገባኝ።

"ካንቺ በፊት ለማንም አልነገርኩም" አለችኝ። "ባሌም አያውቅም። መጀመሪያ ላንቺ ብዬ።"

አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ራሱን ሊያገኝ የሄደው ሰውዬ አራት ዓመት "ትንሽ እንቆይ" ሲለኝ ኖሯል። እጄ ሆዷ ላይ እንዳለ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት፤ ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። ዓሣ ሻጩ ስንት ኪሎ ብሎ ጮኸ። እሷ ሳትሰማው ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"እህትዓለም፣ ያ ቅባት ምንም አይለውም አይደል?"

"ወረቀቱ ላይ እርጉዝ አትንካው ይላል።"

"ነክቼዋለሁ እኮ። እስካለፈው ወር ድረስ።"

"እሱን እኔም አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ያደርገዋል?"

ያኔ ያልኩትን ማንም አልነገረኝም፣ የትም አላነበብኩትም፤ እዚያው፣ ዓሣው ፊት ቆሜ ፈጠርኩት። "ቅባቱ የሚበላው የበቀለ ሥጋ ነው" አልኳት። "የኪንታሮትና የፅንስ ሥጋ ለይቶ አያውቅም። ደህና ሊሆን ይችላል። እጅ እግሩ ጎድሎም ሊመጣ ይችላል።"

ካፍ የወጣ አፋፍ። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁ፤ እውነቱን ልናገርና፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ደነገጥኩ። "ባዶም ሊሆን ይችላል" የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። እሷን ካወጣሁ ግን ሁለት ወር ሙሉ የሰጠኋት ምንም ላይሆን ነው፤ እህትዓለም መባሌም ምንም ላይሆን ነው። ዋጥኳት።

"ለነርሷ ደውዪልኝ" አለችኝ። "እነሱ ያውቃሉ።"

"እሺ፣ ሰኞ እደውላለሁ።"

ካርዱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሰኞ አየሁት። ማክሰኞም አየሁት። የመጨረሻው ቀጠሮዬ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ከደወልኩ ማካፈሌ ይታወቃል፣ እባረራለሁ፤ ይኸን ሁሉ ጊዜ ተሸክሜው የኖርኩት ነገር ከነሥሩ ገላዬ ላይ ይቀራል። ረቡዕ ሥራ በዝቶብኛል አልኩ። ሐሙስ አንዲት አሮጊት ወድቃብኛለች አልኩ፤ እውነት ነው ወድቃለች፣ ግን አሮጊት ወደቀች ተብሎ ስልክ አይቆረጥም። እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ቀን አለፈ። በዘጠነኛው ቀን ራሷ ደወለች።

"ደወልሽላቸው?"

"ደውዬ ነበር።"

"ምን አሉ?"

"አናውቅም አሉ። አደጋ ሊኖረው ይችላል፣ ግን በእርግጥ አናውቅም አሉ።"

"ምን ታድርግ አሉ?"

"ውሳኔው የራሷ ነው አሉ።"

ይህቺን የሆላንድ ዓረፍተ ነገር በየታማሚው አልጋ አጠገብ ስትነገር ሰምቻታለሁ። ስለዚህ ውሸቴ ውሸት አልመሰለም። "እሺ እህትዓለም፣ ስለደከምሽልኝ" ብላ ዘጋች።

ሮተርዳምም ፅንስ የሚያቋርጥ ክሊኒክ አለ። እሷ ግን እኔ ከሮተርዳም አምስተርዳም እንደሸሸሁት ሁሉ ዴን ሃግ ሄደች፣ አገር ቤት ሄግ የምንላት ከተማ። ከዙይድ የሚነሳው ሜትሮ ሳይቀየር ዴን ሃግ ያደርሳል። ለባሏ ሥራ ገባሁ ብላዋለች። ለኔ አልነገረችኝም። የመጀመሪያውን ክኒን እዚያው ሰጥተዋት ዋጠች፤ ሌላውን በነጋታው እቤቷ እንድትወስድ ይዛ ተመለሰች። በነጋታው ከቀትር በኋላ ነው የደወለችልኝ። "ባሌ ሥራ ነው፤ ብቻዬን ፈራሁ፤ ነይልኝ" አለች።

ስደርስ የመታጠቢያው ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ጉልበቷን አቅፋ። ክኒኑን ከወሰደች ሁለት ሰዓት አልፏታል። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

"አስወረድሽው?"

"ጎዶሎ ሆኖ ከሚሰቃይ ብዬ።"

"ሐኪሞቹን አልጠየቅሻቸውም? ስለ ቅባቱ አልነገርሻቸውም?"

ቀና ብላ አየችኝ፤ መጠየቄ የገረማት ይመስል ነበር። "ለማንም አልናገርም ብዬሽ የለ? ወላሂ ብያለሁ እኮ። 'ለምንድን ነው?' ሲሉኝ ልጅ አልፈልግም አልኳቸው። ሁለቴ፣ ሦስቴ ጠየቁኝ። አልፈልግም፣ አልፈልግም አልኩ።"

ሰባት ዓመት ልጅ ልጅ ስትል የኖረች ሴት ናት። እኔን ከጥናቱ እንዳያስወጡኝ ብላ፣ ለማያውቋት ሰዎች ልጅ አልፈልግም አለች። ዋዜማውን ክሊኒኩ ውስጥ ስለ ቅባቱ አንድ ጊዜ አፏን ብትከፍት ኖሮ እዚያው እውነቱን የሚነግራት ሰው ነበር።

ደሙ በዛ። ሕመሙ ሲመጣ እጄን ትጨምቃለች፣ ሲሄድ ይቅርታ ትለኛለች። እኔም የለመድኩትን ሥራ ሠራሁ፤ ውሃ አሞቅሁ፣ አጠብኳት፣ ፎጣ ቀየርኩ፣ ፒጃማዋን አለበስኳት፣ ወለሉን አጸዳሁ። ባሏ ከመምጣቱ በፊት አልጋዋ ውስጥ ነበረች። ወር አበባዬ ከብዶብኝ ነው አለችው። ሄዶ ፓራሲታሞል አመጣላት።

ወደ መጨረሻው ቀጠሮዬ ስሄድ ባቡር ውስጥ ጸለይኩ። ምን ብዬ እንደጸለይኩ መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ይህን የጀመርኩት ላፍር ነው። መርዝ ይሁን ብዬ ጸለይኩ። እውነተኛው መድኃኒት ይሁን፣ ክፉ፣ ፅንስ የሚያጠፋ ይሁን፤ እሷ ትክክል ትሁን፣ እኔም ከገደል የመለስኳት ልሁን። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንዲያ ከልቤ የጸለይኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ነርሷ ከረጢቶቹን መቁጠር ስትጀምር፣ መርዝ መሆኑን ከአፋቸው እንድሰማ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ከረጢቶቹ ላይ ቆመ። ወጥታ የጥናቱን ሐኪም ጠራችው፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሹራብ የለበሰ ሰው። ሆላንዶች ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል። የሱ ጨርሶ የማይሰማ ሆነ።

"መቼ ነው መርገዟን ያወቅሽው?"

"ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ።"

"ያን ቅዳሜ ብትደውዪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምስጢሩን ከፍተን የትኛው እንደሆነ እንነግርሽ ነበር። ቁጥሩ የተሰጠሽ ለዚህ ነው። አንቺም አትቀጪም ነበር።"

"አሁን ይከፈታል?"

"አሁን ሪፖርት ማድረግ አለብኝ፤ ይከፈታል" ብሎ ወጣ። ነርሷ ውሃ አመጣችልኝ። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመለሰና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"ምንም የሌለበት ነበር" አለኝ። "ተራ ቅባት።"

"የሷ ግን ጠፍቷል እኮ! እኔው ራሴ አይቻለሁ።"

"አንዳንዴ በራሱ ይጠፋል። በጣም አምናበትም ይሆናል።" "እውነተኛው ቢሆን እንኳ፣ በዚያ መጠን፣ አስወርጂው የሚላት ሐኪም አይኖርም ነበር። በአልትራሳውንድ እንከታተላት ነበር። ማን ነው እጅ እግር ይጎድላል ያላት?"

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ነርሷ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከጥናቱ ተሰናበትኩ። ሐኪሙ ግን ሥርዓተኛ ሰው ነው፤ እየሞከሩት የነበረውን ሳይሆን ሌላ በፋርማሲ የሚገኝ መድኃኒት ጻፈልኝ። በአምስት ሳምንት ገላዬ ንጹሕ ሆነ። ይኸን ያህል ቀላል ነበር። ለሷም አንድ ካርድ ሰጠኝ፣ ስሙንና የቀጠሮ ስልክ የጻፈበት። "ትምጣ። የማህፀን በር ምርመራም ያስፈልጋታል። እውነቱን እኛ እንነግራታለን፤ ካንቺ ብቻ መስማት የለባትም" አለኝ።

ወደ ሮተርዳም ስመለስ እውነቱን በልቤ እየደጋገምኩ ተለማመድኩ። መንገድ ላይ እስካለችው ከተማ እስከ ላይደን ድረስ "ባዶ ነበር፣ ይቅር በዪኝ" የሚለውን ሳልሳሳት እለው ነበር። ባቡሩ ዴን ሃግ ሲቆም አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ ይዛ ገብታ ፊት ለፊቴ አቆመችው። ሮተርዳም ስደርስ ካርዱን ሁለት ቦታ ቀድጄ ጣቢያው ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ካርዱን ከሰጠኋት ትሄዳለች፤ ከሄደች ይነግሯታል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆኗል። ሌላ ልጅ አልመጣም። ምርመራውንም እስካሁን አላደረገችም፤ ለምርመራው የሚጠራት የመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣላት ምን እንደሆነ ትጠይቀኛለች፣ እኔም በኋላ እናየዋለን እላታለሁ። እዚህ የማንንም ስም አልጻፍኩም። እሷ ካነበበችው ግን ስም አያስፈልጋትም።

ካርዱን የቀደድኩ ቀን ከጣቢያው በቀጥታ እቤቷ ሄድኩ። ባሏ ከሥራ ገብቶ መኝታ ቤት ተኝቷል። ኩሽናውን ዘግታ ቀስ ብላ፣ "ሄድሽ? ዛሬ አልነበር ቀጠሮሽ?" አለችኝ።

"ሄድኩ።"

"ነገሩን ጠየቅሽልኝ?"

"ጠየቅኩ።"

ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ከስታለች፤ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ይዞራል። ላይደን ድረስ የተለማመድኩት ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር።

"መድኃኒቱ ነበር" አልኳት። "እውነተኛው። ከባዱ። ሐኪሙ ራሱ ነገረኝ። ደግ አደረግሽ።"

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሳላስበው ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው፣ ሁለቱንም፣ ገበያ ላይ ሆዷ ላይ ያኖረችውንም ሌላውንም።

"አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር" አለች እያለቀሰች። "እህትዓለም፣ የሠራሽልኝን አላህ ይክፈልሽ።"

"አሜን" አልኩ።